ሲንዲ ማን ናት?

ባለቤቴ ደብተሯን ያገኘቻት ቱታዬን ልታጥብ ኪሱን ስትፈትሽ ነው። ሰማያዊ ሽፋን ያላት፣ ከመዳፍ የማትበልጥ ደብተር ናት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በገዛ እጄ የተጻፈው እንዲህ ይላል፤ «ነሐሴ 7 ቀን 2014። ሲንዲ። 20 ደቂቃ። 6 ዙር። ሞቼ ነበር።»

ማታ ራት ቀርቦ፣ ልጃችን እጇን ልትታጠብ ብድግ እስክትል ጠብቃ ደብተሯን ከትሪው አጠገብ አስቀመጠቻት። ባለቤቴ ስትናደድ ድምፅዋ ከፍ አይልም፤ ዝቅ ይላል።

«ሲንዲ ማን ናት?» አለችኝ።

አሥራ ስምንት ዓመት በትዳር የኖረ ሰው እንዲህ ላለው ጥያቄ ቶሎ መልስ መስጠት ነበረበት። እኔ ግን ሳቄ ቀደመኝ። በእንዲህ ያለው ሰዓት ሳቅ ከሁሉ የከፋ መልስ መሆኑን ያወቅሁት ወጡ ሳይነካ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። በመጨረሻ ምራቄን ዋጥ አድርጌ፣ «ሲንዲ ሰው አይደለችም፤ ስፖርት ናት» አልኳት። አላመነችኝም። በእሷ ቦታ ብሆን እኔም አላምንም ነበር። ስለዚህ በማግስቱ ማለዳ ይዣት ወርጄ ከሲንዲ ጋር አስተዋወቅኋት።

መቼም አንባቢም ከባለቤቴ የተሻለ መረጃ አይኖረውምና እዚህ ላይ ላስተዋውቅ። ሲንዲ ማለት መጀመሪያ አምስት ጊዜ ብረት ላይ ተንጠልጥሎ አገጭን ከብረቱ በላይ ማድረስ፣ ቀጥሎ አሥር ፑሽ አፕ፣ ከዚያ አሥራ አምስት ቁጭ ብድግ ናት። ይህ ሠላሳ እንቅስቃሴ አንድ ዙር ይባላል። ሃያ ደቂቃ እስኪሞላ ድረስ ዙሩን መደጋገም ነው። ሰዓቱ ሲያበቃ የተሠራው ተቆጥሮ ይጻፋል። ሌላ ሕግ የላትም።

ያስተዋወቀኝ የእህቴ ልጅ ነው። ኑሮው ዋሽንግተን አካባቢ ሲሆን፣ እዚያ ክሮስፊት የተባለውን የስፖርት ዓይነት ይሠራል። እሱ እንዳጫወተኝ፣ የክሮስፊት መሥራች ግሬግ ግላስማን እ.ኤ.አ. በ2003 ለአንዳንድ ከባድ ልምምዶች የሴት ስም ማውጣት ጀመረ። ምክንያቱን ሲናገር የጠቀሰው የአገሩን የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት ነው። መሥሪያ ቤቱ ከውቅያኖስ የሚነሱ ማዕበሎችን በሴት ስም ይጠራ ነበርና፣ ሰውን መሬት ላይ አንጋሎ የሚሄድ ልምምድም እንደ ማዕበሉ ስም ይገባዋል ባይ ነው። ኋላ ደግሞ በጦር ሜዳ የወደቁ ወታደሮች ስም ተጨመረ።

ስሙ ቀልድ ይምሰል እንጂ ቁም ነገር አለው። ስም ያለው ልምምድ አይለዋወጥም። ዛሬ የሠራሁት ሲንዲ ከስድስት ወር በፊት የሠራሁት፣ የእህቴ ልጅም ባሕር ማዶ የሚሠራው ያው ነው። ስለዚህ የዛሬው እኔ ከትናንቱ እኔ ጋር ሊወዳደር ይችላል። ሐሳቡም ለክሮስፊት ብቻ የተገለጠ አይደለም። ኬኔት ኩፐር የተባለው የአሜሪካ አየር ኃይል ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰው በ12 ደቂቃ ውስጥ የሮጠውን ርቀት ለክቶ ልቡና ሳንባው የቱን ያህል ብርቱ እንደሆኑ መገመት እንደሚቻል አሳይቶ ነበር። የእግር ኳስ ዳኞች ለብዙ ዓመታት በዚህ ተፈትነዋል። ሰዓትና መሬት ካለ ሌላ መሣሪያ አያስፈልገውም።

እኔ ወደዚህ የገባሁት ግን ለሳይንሱ ፍቅር ብዬ አይደለም። ፈርቼ ነው።

አባቴ የስኳር ሕመምተኛ ነበር። መጀመሪያ የግራ እግሩ ጣት፣ ቀጥሎ እግሩ ተቆረጠ። በ58 ዓመቱ አረፈ። ሐምሌ 2014 ላይ እኔ የ46 ዓመት ሰው ነበርኩ፤ ቦርጬ ከቀበቶዬ በላይ ወጥቶ ጫማዬን ለማሰር ትንፋሼን መያዝ ጀምሬአለሁ። ደሜን ስመረመር የሦስት ወር አማካይ ስኳሬ 6.2 ተገኘ። ሐኪሙ ከ5.7 በታች ጤነኛ፣ 6.5ና ከዚያ በላይ የስኳር ሕመም መሆኑን አስረድቶኝ፣ «እርስዎ መሐሉ ላይ ነዎት» አለኝ። ያ «መሐል» የሚለው ቃል ብዙ ሌሊት እንቅልፍ ነሥቶኛል። አባቴም እኮ አንድ ቀን መሐሉ ላይ ነበር።

የእህቴ ልጅ ለክረምት ሲመጣ ያገኘኝ በዚህ ሁኔታ ነው። ከሐኪሙ ፈቃድ ካገኘሁ በኋላ ጥቂት ሳምንት በእግር ጉዞ አሟሟቀኝና አንድ ቅዳሜ ማለዳ ወደ ግቢያችን አወረደኝ። የኮንዶሚኒየማችን ነዋሪዎች ልብስ የሚያሰጡበት ብረት አለ። «ይኸው ጂም!» አለኝ። ቀድሞ ራሱ ሠርቶ አሳየኝ። አገሩ ላይ ሃያ ዙር የሚሠራው ልጅ እዚህ አሥራ ስድስት ላይ በጀርባው ተዘረረ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ፣ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን እሱ ከለመደው በሩብ ያህል ያንሳል። «ጋሼ፣ እናንተ እዚህ ደረጃ መውጣታችሁ ራሱ ስፖርት ነው» አለኝ ሰማይ ሰማይ እያየ።

ተራዬ ሲደርስ አንድ ጊዜ እንኳ አገጬን ብረቱ ላይ ማድረስ አልቻልኩም። ስለዚህ ከሥሩ ድንጋይ አስቀመጠልኝና እየዘለልኩ እንድሠራ ፈቀደልኝ። «ግን በዝላይ መሆኑን ጻፈው፤ ሁልጊዜም በዝላይ ሥራ። አለዚያ ቁጥሩ ትርጉም የለውም» አለኝ። ዘበኛችን ከበሩ ሆኖ ሲያየኝ ቆይቶ፣ «ጋሼ፣ በዚህ ዕድሜዎ ወታደር ሊገቡ ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። ለመመለስ ትንፋሽ አልነበረኝም። ስድስት ዙር። ከዚያም ያቺ «ሞቼ ነበር» የምትለው ቃል።

ልጁ ከመመለሱ በፊት ሦስት ነገር አስጠነቀቀኝ። ሲንዲ ፈተና እንጂ የዕለት ጉርስ አይደለችም፤ በወር አንዴ ትበቃለች፤ በመሐሉ ቀለል ያለ ልምምድና ዕረፍት ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ሰውነት ሳይለምድ በእልህ ብቻ ቢገፋ የጡንቻ ሕዋስ ተሰባብሮ ደም ውስጥ በመግባት ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል፤ ሽንት የኮካ ቀለም ከያዘ ሩጫው ወደ ሐኪም ቤት ነው። ሦስተኛ፣ የሆነውን ብቻ ጻፍ። ሁለቱን ምክር በደንብ ይዤ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ደስታ እንዲህ ነው ተብሎ አይነገርም። መስከረም ላይ 8 ዙር። ጥቅምት ላይ 9 ዙር ከ12። ኅዳር ላይ 11። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እያልን አድገናል፤ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅበት ግን የጻፈ አልነበረም። እኔ እነሆ ጻፍሁ! ኋላ እንደተረዳሁት በእነዚያ ወራት ጡንቻዬ ብዙም አልፋፋም። መጀመሪያ የሚማረው ነርቭ ነው፤ የተኛውን ጡንቻ መቀስቀስና በአንድነት ማዘዝ ይለምዳል። ስለዚህ ጀማሪ በፍጥነት ያድጋል። ይህንን ሳላውቅ እድገቴ ሁሉ ዕድሜ ልክ እንዲያ የሚቀጥል መስሎኝ ነበር። ጥር ላይ 12 ዙር ከ5። መጋቢት ላይ፣ በሁዳዴ ጾም መሐል፣ ወደ 10 ወረደ። አልከፋኝም፤ ከጎኑ «ጾም» ብዬ ጻፍሁበት።

በዚያው ሰሞን አንድ ስሌት ሠርቼ ራሴን ባስተማርሁ ኖሮ ጥሩ ነበር። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2007 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። በዓመቱ እዚያው በርሊን ተመልሶ በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ገባ። ያ ሁሉ የእንጦጦ አቀበት፣ ያ ሁሉ ማለዳ ተደምሮ ያስገኘው 27 ሰከንድ ነው፤ ከመቶ ግማሽ እንኳ አይሞላም። እኔ ደግሞ በየወሩ አንድ ሙሉ ዙር፣ ማለትም ከመቶ ስምንት እጅ ልጨምር እመኝ ነበር። ለዚያውም ከሥራ መልስ ወንበር ላይ ተዘፍዝፌ እየዋልኩ።

ግንቦት 2015 መጣ። ካፊያ የጣለበት ማለዳ ነው። ግቢው ውስጥ ማንም የለም። አሥራ ሁለት ዙር ጨርሻለሁ፤ አሥራ ሦስተኛውን ጀምሬ አምስቱን ዝላይ፣ አሥሩን ፑሽ አፕ ሠርቼ ቁጭ ብድጉ ላይ ስድስት ስል ሰዓቴ ጮኸ። ዘጠኝ ቁጭ ብድግ ቀረኝ። ዘጠኝ ብቻ! መሬቱ አዳልጦኝ ባይሆን፣ ዘበኛው ሰላም ብሎኝ እጄን ለማንሣት ባልቆም እጨርሰው ነበር። ጠበቃ የማያጣ ሰው ቢኖር ራሱን የሚከስ ሰው ነው። እስክሪብቶዬን አወጣሁና «13 ዙር!» ብዬ ጻፍሁ። የቃለ አጋኖው ምልክት እንኳ አልቀረችም።

ለእህቴ ልጅ ስልክ ደወልኩ፤ «ጋሼ አንበሳ!» አለኝ። ባለቤቴ ቡና አፈላች። በሰኔ መጀመሪያ የደም ምርመራዬ 5.8 ሆኖ መጣ። ደስታዬ ሙሉ ሆነ። ዘጠኟን ቁጭ ብድግ ረሳኋት።

እሷ ግን አልረሳችኝም። ሰኔ ላይ 12 ዙር ከ18 ሠራሁ። ደብተሬን ስከፍት ከላይ 13 ተገትሯል። ወርጄአለሁ ማለት ነው። ሐምሌ ላይ ደግሞ በሚገባ ተኝቼ፣ በሚገባ በልቼ፣ ዘበኛውን ቀድሜ ሰላም ብዬ ጀመርሁ። እስክቃጠል ሠራሁ። 12 ዙር ከ26። አሁንም 13 አልሞላም። ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብዬ ላቤን እየጠረግሁ፣ «አበቃ፤ ዕድሜ ነው» አልኩ። ከሰባ ሁለት ሰዓት በላይ አንድ ውሸት ይዞ መቆየት የማይከብድ መሆኑ ይገርመኛል፤ ያን ጊዜ 13ን ራሴም አምኜዋለሁ። በምክንያት ላይ ምክንያት ተደራረበና ቀረሁ። ዛሬ ዝናብ፣ ነገ ስብሰባ፣ ከነገ ወዲያ ሰርግ። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል እንዲሉ፣ በዘጠኟ ቁጭ ብድግ ቀዳዳ ስድስት ወር ሾልኮ ሄደ።

ደም ግን የራሱ ደብተር አለው። ሐኪሙ እንዳስረዳኝ፣ ስኳር ቀዩ የደም ሕዋስ ላይ ይጣበቃል፤ ሕዋሱ ደግሞ 120 ቀን ያህል ይኖራል። ስለዚህ ምርመራው የሚያነበው የትናንቱን ራት ሳይሆን የሦስቱን ወር ኑሮ ነው። ከምርመራው በፊት ሁለት ቀን ጎመን በመብላት አይደለልም። የካቲት 2016 ላይ 6.4 ሆኜ ተገኘሁ። ከመስመሩ አንዲት ነጥብ ቀርታኝ ነበር።

ያን ዕለት ለማንም ሳልናገር ውዬ ማታ ሳሎን ተቀምጬ ሳለሁ፣ አሥራ አንድ ዓመት የሆናት ልጄ የሒሳብ የቤት ሥራዋን ይዛ መጣች። ከቤት ውስጥ ቁጥር ሰብስባችሁ በመስመር ግራፍ አሳዩ ተብለዋል። የጓደኞቿ ምርጫ የመብራት ሒሳብ ነበር፤ የእሷ ግን ሰማያዊዋ ደብተሬ። ከመሳቢያ አውጥታ፣ በማስመሪያ ለክታ፣ ነጥብ በነጥብ አገናኝታ ጨርሳለች።

«አባቢ፣ እዚህ ጋ ምን ሆነህ ነው?» ብላ ጣቷን የግራፉ ጫፍ ላይ አሳረፈች። «ከዚህ በኋላ እኮ ወረድክ። ደግሞ በፊትም በኋላም ዙር ከምናምን እያልክ ትጽፋለህ፤ ይህች ብቻ ዝም ብላ 13 ናት።»

ለባለቤቴ ጥያቄ ሳቅ ነበረኝ። ለዚህኛው ምንም አልነበረኝም። አንድ ሁለት ውሸት አሰብሁ፤ ቀላል ነበሩ። ነገር ግን ልጅቱ እስክሪብቶዋን አንሥታ ልትጽፍ እየጠበቀችኝ ነው።

«አልጨረስኩትም ነበር» አልኳት። «ዘጠኝ ቀርቶኛል። ጨረስኩ ብዬ ጻፍሁ።»

ትገሥጸኛለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን በአስተማሪ ድምፅ፣ «ታዲያ አርመዋ!» ብላ ቀይ እስክሪብቶ ሰጠችኝ። 13ን ሰርዤ በላዩ «12 ዙር ከ21» ብዬ ጻፍሁ። እሷም ግራፏ ላይ ያቺን ነጥብ በላጲስ አጥፍታ ዝቅ አድርጋ አስቀመጠቻትና መስመሩን እንደገና አገናኘች። ከዚያ ራሷን ዘንበል አድርጋ አየችውና፣

«ሐምሌ ላይ እኮ በልጠሃል!» አለች።

አየሁት። ግንቦት 21፣ ሰኔ 18፣ ሐምሌ 26። ያን ማለዳ፣ ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ አበቃ ያልኩ ዕለት፣ ደብተሬን ከጀመርኩ ወዲህ ከሁሉ የበለጥሁበት ቀን ነበር። ብርቱ የሆንኩበትን ቀን እንደ ሽንፈት ቆጥሬ፣ አንገቴን ደፍቼ ደረጃውን ወጥቼ፣ ስድስት ወር ተኝቻለሁ። ማንም አልበለጠኝም። የበለጠኝ በግንቦት የፈጠርኩት፣ በዓለም ላይ የሌለ ሰው ነው። የሌለ ሰው ደግሞ አይደክመውም፤ ጾም አይገባበትም፤ በሚቀጥለው ወር ቢሮጡት አይያዝም።

ሰዎች ቁጥር ያበረታል ይላሉ። በበኩሌ ያየሁት፣ ቁጥር የሚያበረታው እውነተኛ ሲሆን ብቻ መሆኑን ነው። እውነተኛው 12 ከ21 ለሰኔው ድካም ምክንያት፣ ለሐምሌው ጥረት ዋጋ ይሰጥ ነበር። 13 ግን ከፊቱም ከኋላውም ያለውን ሁሉ አበላሸ። ለሰው ያሳየሁት እንዳይመስላችሁ፤ ደብተሬን ከቤተሰቤ በቀር ያየ የለም። እኔው ጽፌ እኔው ያነበብኩት ነገር እንዲህ ከጎዳኝ፣ በመሥሪያ ቤት ሪፖርት ላይ ስንት «13 ዙር!» ጽፈን ይሆን ብዬ ማሰቤ አልቀረም። ያንን ለሌላ ቀን ልተወው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ማለዳ ልጄን ይዤ ወረድሁ። ጠመኔ ይዛ ግድግዳው ሥር ተቀመጠች፤ ለእያንዳንዱ ዙር አንድ መስመር። ሦስተኛው ዙር ላይ ቁጭ ብድጉን ማሳጠር ስጀምር፣ «አባቢ አልወረድክም! አይቆጠርም!» ብላ ጮኸች። ዘበኛው ሳቀ። «አሥራ አንድ… አይቆጠርም። አሥራ አንድ… አሁን ይቆጠራል።» ከእሷ የሚከብድ አሠልጣኝ ዋሽንግተንም ያለ አይመስለኝም። ሰዓቱ ሲጮህ ግድግዳው ላይ ስምንት መስመር ነበር። «8 ዙር፣ በዝላይ፣ በልጄ ቆጠራ» ብዬ ጻፍሁ። ከዓመት ተኩል በፊት የመስከረም ቁጥሬ ነበር። በመውረዴ እንዲህ ደስ ይለኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ላሳጥረው። በአንዳንድ ወር አምስት ቁጭ ብድግ እጨምራለሁ፤ በአንዳንዱ ሦስት እቀንሳለሁ። ጉንፋን ሲይዘኝ «ጉንፋን» ብዬ እጽፋለሁ። ስኳሬ ወደ 5.9 ተመልሷል። ከመሐል ገና አልወጣሁም፤ ምናልባትም የቀረው ዕድሜዬ መሐሉ ላይ ቆሞ መታገል ይሆናል። አባቴ የሚቆጥርበት ደብተር አልነበረውም። ቢኖረው ይድን ነበር ለማለት አልደፍርም፤ ግን እግሩ መደንዘዝ የጀመረበትን ቀን እንኳ ማናችንም አናውቀውም።

ግንቦት 2017 ላይ 12 ዙር ከ27 ሠራሁ። ከሐምሌ 2015 አንዲት ቁጭ ብድግ ትበልጣለች። አንዲት! ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው የተገኘች አንዲት ቁጭ ብድግ። ልጄ ጠመኔዋን ጥላ አቀፈችኝና ላቤን ስትነካ ወዲያው ለቀቀችኝ። ሦስት ቀርቶኝ ነበር፤ ሦስቷም እዚያው ቀረች።

ቤት ስንገባ ባለቤቴ ከምድጃው ሳትዞር፣

«ሲንዲ ደህና ናት?» አለች።

«ደህና ናት» አልኳት። «ዛሬም ገደለችኝ።»

ልጃችን ቀድማ ደብተሯን ከፍታ ጠበቀችኝ። የሚቀጥለው ወር ቅዳሜ ላይ ቀጠሮ ይዘናል፤ ጎረቤታችን ምንጣፍ ካላሰጡበት።